ርሥአንና ርስዐት

የግዕዝን መጻሕፍት የተማረ ሰው ሁለቱን ግሦች ያውቃቸዋል፤ በንጉሡ ሠና በአልፋው አ የሚጻፈው «ረሥአ» አረጀ፣ ሸመገለ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ የሚጻፈው «ረስዐ» ደግሞ ረሳ፣ ዘነጋ ማለት ነው። በጥንት ዘመን በድምፅ የተለያዩት እነዚህ ፊደላት በአማርኛ ተናጋሪ አፍ አንድ ሆነው ስለ ቀሩ፣ መጽሐፉን በዓይኑ ሳይከተል ንባቡን በጆሮው ብቻ የሚሰማ ምእመን ያረጀውን ከረሳው፣ ርሥአንን ከርስዐት ለይቶ ለማወቅ አይችልም፤ ጸሐፍቱም ራሳቸው አንዱን በሌላው ፊደል እየጻፉ ማቀላቀላቸው የታወቀ ነው። ይህ የፊደል ጉዳይ የሰዋስው መምህራን ክርክር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ዳሩ ግን በጆሮ የሆነው መደባለቅ በልብም የሆነ ነውና፣ መርሳት የእርጅና ጥላ ነው የሚለው እምነትም በእኛ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በዓለሙ ሁሉ ሥር ሰዶ የኖረ ነውና፣ ዛሬ አልዛይመር ተብሎ የሚጠራው ደዌ ታሪክ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለየት የተደረገው፣ ገናም ያላለቀው ሙግት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ጃጀ» የሚለው የአማርኛ ቃል የዚህ መደባለቅ ዋና ምስክር ነው። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ቢጠሩ፣ ባልቴቲቱ ቁርሳቸውን በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ «ዛሬ እህል የሚሰጠኝ ሰው ጠፋ» ብለው ቢያለቅሱ፣ የቤተ ሰቡ ፍርድ አጭር ነው፤ ጃጁ፣ ዕድሜ ተጫጫናቸው። ነገሩ ከመርሳት አልፎ ወደ መጠራጠር፣ ወደ ጩኸት፣ በሌሊት ተነሥቶ ከቤት ወደ መጥፋት በደረሰ ጊዜ ደግሞ ዕድሜ የተባለው ነገር ስሙን ለውጦ መተት ወይም ክፉ መንፈስ ይሆናል። በዕድሜና በመንፈስ መካከል ለደዌ የተተወለት ቦታ የለም። ሆኖም የጥንቱ ጠቢብ እንዲህ አላሰበም፤ ከክርስቶስ ልደት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በኢየሩሳሌም የጻፈው፣ መጽሐፉም በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቈጠርለት ወልደ ሲራክ፣ ልጅ ያረጀ አባቱን ይረዳ ዘንድ፣ የአባቱ አእምሮ ቢጐድል እንኳ ይታገሠው ዘንድ ያዝዛል፤ ጽርኡም ይህን የአእምሮ መጉደል ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል ነገር እንጂ በሽማግሌ ሁሉ ላይ እንደሚመጣ ግዴታ አለመናገሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ጥቂት የመሰለ ልዩነት በሳይንስ መንገድ እስኪረጋገጥ ድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

የመለየቱ ሥራ የተጀመረው በምርምር ዕቅድ ሳይሆን፣ ሽማግሌ ያልሆነች አንዲት ሴት ወደ አንድ ሆስፒታል ስለ መጣች ነው። ኅዳር 16 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን ኖቬምበር 25 ቀን 1901፣ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ፣ የአገሩ ሰው የእብዶች ግንብ እያለ ወደሚጠራው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ገባች። ባሏ ካርል በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሕመሟ የጀመረው በቅናት ነው፤ ባሌ ከሌላ ሴት ጋር ይሄዳል ማለት አመጣች፤ ቀጥሎም ድስቱን ማሳረር፣ ዕቃውን ያለ ቦታው መደበቅ፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ መንገድ እንደ ጠፋው ሰው ከክፍል ወደ ክፍል መዞር፣ ሊገድሉኝ ነው እያለች መጮኽ ሆነ። ዕድሜዋ ሰማንያ ቢሆን ኖሮ ማንም ሐኪም በመዝገቡ ላይ አንድ ቃል ጽፎ ያልፋት ነበር፤ ሃምሳ አንድ መሆኑ ግን ያን ቃል ለመጻፍ የማይመች ሆነ።

በማግሥቱ ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ የተቀመጠው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ይባላል። በባየርን ግዛት በማርክትብራይት በ1864 የተወለደ፣ በዚያ መጠለያ ከ1888 ጀምሮ ያገለገለ፣ ሕሙማንን በሰንሰለትና በማሰሪያ መያዝ እንዲቀር ከአለቃው ከኤሚል ሲዮሊ ጋር የደከመ፣ ሚስቱም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ሞታበት ሦስት ልጆች ይዞ የቀረ ሰው ነበር። የተጠየቀውንና የተመለሰውን ቃል በቃል የመጻፍ ልማድ ስለ ነበረው፣ የዚያ ሰሞን ንግግራቸው ዛሬ እንደ ተሰማ ያህል ይነበባል። ስሟን ሲጠይቃት አውጉስተ አለች፤ የቤተ ሰቧን ስም ሲጠይቃት አሁንም አውጉስተ አለች፤ የባሏን ስም ሲጠይቃት ጥቂት አሰብ አድርጋ አውጉስተ ይመስለኛል ብላ መለሰች። ምሳዋን አበባ ጎመንና የአሳማ ሥጋ እየበላች ሳለ ምን እንደምትበላ ሲጠይቃት ስፒናች አለችው። ዓመቱ ስንት ነው ሲላት አሥራ ስምንት መቶ አለች። ስሟን እንድትጽፍ ብዕር ቢሰጣት «ወይዘሮ» የሚለውን ማዕርግ ጽፋ የቀረውን ረሳችው፤ እያንዳንዱንም ቃል መልሶ ሊነግራት ግድ ሆነ። ደጋግማም ትናገር የነበረው ራሴን አጥቻለሁ የሚል ነው። በእኛ ሊቃውንት ልማድ ንባብና ትርጓሜ ይለያያሉ፤ ንባቡን ይህች ሴት በዚያች አልጋ ላይ ሰጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ደዌ ላይ የተጻፈው ሁሉ የእርሷ ቃል አንድምታ ነው ብንል አንሳሳትም።

አልዛይመር ብዙም ሳይቈይ ፍራንክፈርትን ለቅቆ፣ በሃይደልበርግ በኩል አድርጎ፣ በ1903 ወደ ሙኒክ ሄዶ በዘመኑ የአእምሮ ሕክምና ሊቃውንት ሁሉ አለቃ ከነበረው ከኤሚል ክሬፔሊን ጋር መሥራት ጀመረ፤ የሚከፈል ቦታ ስላልተገኘለትም መጀመሪያ ላይ ከሚስቱ በወረሰው ገንዘብ እየተዳደረ ያለ ደመወዝ አገለገለ። ተማሪዎቹ እንደሚተርኩት፣ በእያንዳንዱ ተማሪ አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሶ ሲያስረዳ የያዘውን ሲጋር ከጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ ይረሳው ስለ ነበር፣ ሲመሽ በየወንበሩ አጠገብ አንዳንድ ቁራጭ ሲጋር ይገኝ ነበር። የመርሳትን ደዌ ያገኘ ሰው እንዲህ ያለ ዝንጉ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሲጋሩን የረሳው ሰው ታማሚዋን አልረሳም፤ ዜናዋን ከፍራንክፈርት እያስጠየቀ ቈይቶ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1906 በሞተች ጊዜ መዝገቧና አንጎሏ ወደ ሙኒክ እንዲላክለት አደረገ።

አንጎሏን ቀጭን ቀጭን አድርጎ ቈርጦ፣ ቢልሾቭስኪ የተባለ የአገሩ ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት ባወጣው የብር ቀለም ዘዴ አቅልሞ ባየው ጊዜ፣ የአንጎሉ ቅርፊት መሳሳቱን፣ ከሕዋሳቱ ውጪ እንደ ዝቃጭ ያለ ባዕድ ነገር በየቦታው መውደቁን፣ በሕዋሳቱም ውስጥ እንደ ተወታተበ ፈትል ያለ ክር መኖሩን አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ፣ ክሩም ታው ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው ከሰማንያ ዓመት ያህል በኋላ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1899 ዓ.ም. በእኛ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1906 በእነርሱ፣ በቱቢንገን ከተማ የደቡብ ምዕራብ ጀርመን የአእምሮ ሐኪሞች 37ኛ ጉባኤ ላይ ቆሞ ይህን ተናገረ። ንግግሩ ባለቀ ጊዜ ሊቀ መንበሩ ጥያቄ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቁ፤ አንድም አልተገኘም፤ ጉባኤው ወደ ሌላው ተናጋሪ አለፈ።

በዚያው ጊዜ በፕራግ ከተማ ኦስካር ፊሸር የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም በአሥራ ሁለት ሽማግሌዎች አንጎል ውስጥ ያንኑ ዝቃጭ አግኝቶ በ1907 አሳትሟል፤ ስሙ ግን ለብዙ ዘመን ተዘንግቶ ኖረ፤ እርሱም በ1942 በናዚዎች ግዞት በቴሬዚንሽታት ሞተ። ከዚህ ይልቅ የእኛን አንባቢ ልብ ሊነካ የሚገባው የሌላው ሰው ታሪክ ነው። በሙኒክ ቤተ ሙከራ አልዛይመር መርጦ ከተቀበላቸው የውጭ አገር ተባባሪዎች አንዱ ሰሎሞን ካርተር ፉለር ነበር፤ ይህ ሰው አፍሪካዊ፣ በ1872 በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ የተወለደ፣ አያቱ በቨርጂኒያ ባሪያ ሆኖ ኖሮ ራሱን በገንዘብ ነጻ ያወጣ ነበር። ፉለር በአሜሪካ ሕክምና ተምሮ፣ ከ1904 እስከ 1905 በሙኒክ ቈይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ አልዛይመር የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ በ1912ም እስከዚያ ድረስ ስለ ደዌው የታወቀውን ሁሉ ሰብስቦ በዚያ ቋንቋ የመጀመሪያውን ሰፊ ሐተታ አወጣ። በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከነጭ ባልደረቦቹ ያነሰ ይከፈለው ነበር፤ በ1933 ከእርሱ በታች የነበረ ነጭ መምህር ከላዩ በተሾመ ጊዜ ሥራውን ለቀቀ። እንግዲህ ይህ ደዌ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ በመጀመሪያ የተረጐመው የአፍሪካ ልጅ መሆኑን ይወቅ።

ስሙን ያወጣው አልዛይመር ራሱ አይደለም፤ ክሬፔሊን በ1910 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፉ 8ኛ እትም ውስጥ የአልዛይመር በሽታ ብሎ ጻፈው። ለምን ቸኰለ የሚለውን ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከሩበታል፤ የሙኒክን ቤተ ሙከራ ከፕራጉ አስበልጦ ለማሳየት ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ከምክንያቱ ይልቅ ውጤቱ ይከብደኛል። ክሬፔሊን ስሙን የሰጠው እርጅና ሳይደርስ ለሚመጣው መርሳት ብቻ ስለ ነበር፣ በሃምሳ ዓመቱ የረሳ ሰው ታማሚ ተባለ፤ በሰባ አምስት ዓመቱ የረሳው ግን፣ በአንጎሉ ውስጥ ያው ዝቃጭና ያው ክር እያለ፣ ያረጀ ብቻ ሆኖ ቀረ። ድንበሩ የተሠመረው በአንጎል ውስጥ ሳይሆን በልደት ቀን ላይ ነበር። እርጅናንና ደዌን ለመለየት የወጣው ስም ለሽማግሌዎቹ ሁለቱን የበለጠ አጣበቀባቸው፤ ለሃምሳ፣ ለስድሳ ዓመት ያህልም አልዛይመር ማለት በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር ብዙ ሐኪም በዓይኑ የማያየው ብርቅ በሽታ፣ የሽማግሌ መርሳት ደግሞ የደም ሥር መድረቅ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር ሆነ። አልዛይመር ይህን ሁሉ አላየም፤ አውጉስተ ወደ እርሱ በመጣችበት ዕድሜ፣ በ51 ዓመቱ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1915 ሞተ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ክሬፔሊን መጽሐፉን ባሳተመበት ዘመን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ዐፄ ምኒልክ ሽባ ሆነው፣ በ1902 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ንግግራቸውን አጥተው ተኝተው ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ደዌ አልዛይመር ነበር ለማለት አይደለም፤ በድንገት እየተደጋገመ የመጣ የአንጎል የደም ሥር አደጋ እንደ ነበረ ሁኔታው ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለው አደጋ የሚያስከትለው የአእምሮ መድከምም ዛሬ ሐኪሞች ዲሜንሺያ በሚሉት የጋራ ስም ከአልዛይመር ጋር የሚቈጠር ሌላ ወንድም ደዌ ነው። ልብ የምንለው ቤተ መንግሥቱ ነገሩን የያዘበትን መንገድ ነው፤ ሕመሙ ከሕዝብ ተሰወረ፤ በመርዝ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ባረፉ ጊዜም ሞታቸው ተደበቀ። የዙፋን ጉዳይ ስለ ሆነ ግድ ነበር ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ዙፋን የሌለው ቤተ ሰብም እስከ ዛሬ እናቱን በጓዳ የሚሰውራት በዚሁ ልማድ ነው።

የልደት ቀኑን ድንበር ያፈረሱት እንግሊዛውያን ናቸው። በኒውካስል ከተማ ጋሪ ብሌስድ፣ በርናርድ ቶምሊንሰንና ማርቲን ሮዝ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ሽማግሌዎችን በሕይወት ሳሉ ምን ያህል እንደሚያስታውሱና ራሳቸውን ምን ያህል እንደሚረዱ እየመዘኑ ውጤቱን ጻፉ፤ ከሞቱም በኋላ አንጎላቸውን መርምረው ዝቃጩን አንድ በአንድ ቈጠሩ፤ ሁለቱን ቍጥር ባስተያዩ ጊዜ ዝቃጩ በበዛ መጠን መርሳቱ የከፋ ሆኖ ተገኘ። ይህን በ1968 አሳተሙ። በ1976 ደግሞ ሮበርት ካትዝማን የሚባል አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ሁለት ገጽ በማይሞላ ጽሑፍ፣ የሃምሳ ዓመቱና የሰማንያ ዓመቱ በሽታ አንድ ነው፤ አንድ ከሆነ ደግሞ በአገራችን ሰው ከሚገድሉት በሽታዎች አራተኛው ወይም አምስተኛው ነው አለ። በአንድ ቀን ብርቁ በሽታ ተራ በሽታ ሆነ፤ አንድም አዲስ ሰው ሳይታመም ታማሚው በሚሊዮን ተቈጠረ።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደ ቤተ ሰብ ተላለፈ። በ1978 በካናዳ የመጀመሪያው ማኅበር ቆመ። በ1980 በአሜሪካ፣ ሚስቱ ከአሥር ዓመት በፊት በዚህ ደዌ የተያዘችበት ጄሮም ስቶን የሚባል የቺካጎ ነጋዴ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የቤተ ሰብ ስብስቦችን አዋሕዶ ማኅበር አቋቋመ። በዚያው ዓመት መከር ላይ፣ ባሏ የታመመባትና የምትይዘው የጠፋት አንዲት ሴት ለጋዜጣ የምክር ዐምድ ጻፈች፤ የዐምዱ አዘጋጅ የማኅበሩን አድራሻ አብራ ባወጣች ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ጐረፈ። ይህን ያህል ሕዝብ እስከዚያች ቀን በየቤቱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

የዝናን ኀይል አስቀድሞ ያሳየው የሪታ ሄይዎርዝ ዕጣ ነው። በሆሊዉድ ከታወቁት ተዋናዮች አንዷ የነበረችው ይህች ሴት፣ ቃሏን ማስታወስ ተስኗት ከፊልም ሥራ በወጣች ጊዜ፣ በ1976ም በለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ተበሳጭታና ተዝረክርካ ስትወርድ ጋዜጠኞች ፎቶግራፍ ባነሷት ጊዜ፣ ዓለሙ ሁሉ ሰካራም ናት ብሎ ፈረደባት። በኋላ ግን የአልዛይመር ሕመምተኛ መሆኗ ታወቀ፤ በ1987 በ68 ዓመቷ ሞተች፤ ልጇ ልዕልት ያስሚን አጋ ካን ግን የእናቷን ኀፍረት ወደ አገልግሎት ለውጣ ለምርምር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣዎችን አቋቋመች፤ በ1984 የተመሠረተውን የየአገሩን ማኅበራት የሚያገናኘውን ዓለም አቀፍ ድርጅትም በፕሬዚዳንትነት መራች። ያው ድርጅት በ1994፣ በአሥረኛ ዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 21 የዓለም የአልዛይመር ቀን እንዲሆን አወጀ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን መታመማቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ለሕዝባቸው አስታወቁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1983፣ የኖቬምበርን ወር ለዚህ ደዌ መታሰቢያ ያደረገውን አዋጅ የፈረሙት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ። በመካከሉ መድኃኒት ታይቷል፤ የመጀመሪያው በ1993 ተፈቀደ፤ በ2023 በሙሉ የተፈቀደው ሌካኔማብ አሚሎይዱን ከአንጎል ጠርጎ ደዌውን ያዘገያል፤ የጠፋውን ግን የሚመልስ እስካሁን የለም።

ከዚህ ሁሉ ዘመቻ እኔ የማደንቀው የጃፓኖችን ነው፤ እነርሱ የጀመሩት ከቃሉ ነውና። ደዌውን የሚጠሩበት የቀድሞ ቃላቸው ሞኝነትንና ድንዛዜን የሚያመለክት ስድብ ያዘለ ስለ ነበር፣ መንግሥታቸው በ2004 ሕዝቡን አማክሮ ሻረውና «የማስተዋል ሕመም» የሚል ትርጓሜ ያለው አዲስ ስም አወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት የሱቅ ሻጩን፣ የባንክ ጸሐፊውን፣ የትምህርት ቤት ልጁን ሳይቀር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል አስተምሮ የብርቱካን ቀለም ያለው የእጅ አምባር መስጠት ጀመረ። ዛሬ አምባሩን የተቀበሉት በሚሊዮን ይቈጠራሉ፤ መንገድ የጠፋባቸው ሽማግሌ ከሱቅ ቢገቡ፣ ሻጩ ሳይጮኽባቸው እንዴት እንደሚያነጋግራቸው ያውቃል።

ይሁን እንጂ የድሉን መጠን አብዝቶ መናገር አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዲሜንሺያ የተያዙት 57 ሚሊዮን መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ከመቶ 60 የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ሀብታቸው ባልደረጀ አገሮች እንደሚኖሩ፣ ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚሆነውም ከአልዛይመር የመጣ መሆኑን ይገልጻል። የአልዛይመር ማኅበራትን የሚያገናኘው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2019 ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎችን ሲጠይቅ ከመቶ 66ቱ ዲሜንሺያ የተለመደ የእርጅና ክፍል ነው ብለው መለሱ፤ በ2024 ጥያቄው በተደገመ ጊዜ ቍጥሩ መቀነሱ ቀርቶ ከመቶ 80 ሆነ፤ ከጤና ባለሙያዎች መካከል እንኳ እንዲህ የሚያምኑት ከመቶ 65 ናቸው። ከቱቢንገን ጉባኤ መቶ አሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ረሥአና ረስዐ በዓለም ጆሮ ገና አልተለያዩም።

በእኛ ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙው አሕዛብ የማያውቀው አንድ ችግር ይጨመራል፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አልዛይመር አውጉስተን ዓመቱ ስንት ነው ብሎ የጠየቃት ጥያቄ፣ ማርሻል ፎልስታይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1975 ባወጣውና በዓለሙ ሁሉ በተሠራጨው ባለ 30 ነጥብ የማስታወስ መመዘኛ ውስጥ እስከ ዛሬ ይገኛል፤ ዓመቱን፣ ወቅቱን፣ ወሩን፣ ዕለቱንና ቀኑን በትክክል የሚናገር ሰው አምስት ነጥብ ያገኛል። እንግዲህ ልጆቻቸው ወደ ዋሽንግተን የወሰዷቸው አንዲት የጎጃም እናት በጃንዩዋሪ ወር ከሐኪም ፊት ቢቀመጡ፣ ዓመቱን ሲጠየቁ ስምንት ዓመት አጉድለው ይናገራሉ፤ ወሩ ጥር፣ ቀኑም በእርሳቸው አቆጣጠር ሌላ ነው፤ ወቅቱን ሲጠየቁ በመስኮት በረዶ እየታየ በጋ ነው ይላሉ፤ ሰዓቱንም ቢጠየቁ ስድስት ሰዓት አዛብተው የተናገሩ ይመስላል። እኚህ እናት አንድም ነገር አልረሱም፤ እንዲያውም ከባዕድ አገር ሆነው የአባቶቻቸውን ባሕረ ሐሳብ መጠበቃቸው የማስታወሳቸው ማስረጃ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ከአምስቱ ነጥብ አራቱን ያጣሉ። በተቃራኒውም፣ በእውነት የረሱት አባት ዓመቱን ሲያሳስቱ ልጃቸው «በእኛ አቆጣጠር ነው የተናገሩት» ብሎ ለሐኪሙ ይሸፍንላቸዋል። በስደት አገር ወላጁን ይዞ ወደ ሐኪም የሚሄድ ልጅ ይህን ልዩነት ከጥያቄው በፊት ለሐኪሙ ሊያስረዳ፣ ከተቻለውም ከቤተ ሰብ ውጪ የሆነ አስተርጓሚ ሊያስጠራ ይገባዋል።

የአውጉስተ መዝገብ ለብዙ ዘመን የጠፋ መስሎ ነበር። በፍራንክፈርት ኮንራድ ማውረርና ባልደረቦቹ ሲፈልጉት ቈይተው ዲሴምበር 21 ቀን 1995 በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ውስጥ በሰማያዊ ሽፋን እንደ ተያዘ አገኙት፤ 32 ቅጠል ነው፤ ስሟን ልትጽፍ የሞከረችበትም ወረቀት በውስጡ ነበር። ጥቂት ቈይቶ የአንጎሏ ቁራጮች የተጣበቁባቸው መስተዋቶች በሙኒክ ተገኙ፤ እንደ ገና በታዩ ጊዜም አልዛይመር የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር።

የዓለም የአልዛይመር ቀን የሆነው ሴፕቴምበር 21 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 11 ላይ፣ በዕንቍጣጣሽና በመስቀል መካከል ይውላል፤ ከተማ የገባው ልጅ ወደ ተወለደበት ቤት ጉዞ የሚነሣበት ሰሞን ነው። በዚህ ጊዜ ወደ እናት አባቱ የሚሄድ አንባቢ፣ እናቱ አንዱን ጥያቄ በአንድ ጀበና ቡና ላይ ሦስት ጊዜ ቢጠይቁት፣ አርባ ዓመት የሠሩትን ወጥ ቅደም ተከተሉ ቢጠፋባቸው፣ አባቱም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዱ ቢደናገራቸው፣ ጃጁ ብሎ አይለፋቸው፤ ታመው ይሆናል ይበልና ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዳቸው፤ ከታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ከቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከከባድ ትካዜ ወይም ከሚወስዱት መድኃኒት የመጣ መርሳት በሕክምና ሊመለስ ይችላልና።